«ጅማት»፣ «ክር» እና «መኮማተር»፦ ስለ ጡንቻ በምንጠቀምባቸው ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃል ስም ብቻ አይደለም፤ ትምህርትም ነው። ተማሪው ነገሩን በዐይኑ ከማየቱ በፊት የሚያውቀው በቃሉ በኩል ስለ ሆነ፣ ቃሉ ሲያሳስት መምህሩ የቱንም ያህል ቢደክም ስሕተቱን ለማረም ይቸገራል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ከዐጥንት ጋር ተያይዘው ሰውነትን ስለሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች በትምህርት ቤትና በሕክምና ቤት የሚዘወተሩትን ጥቂት ቃላት ነው። ዓላማችን በዚህ ሥራ የደከሙትን ለመንቀፍ ሳይሆን ቃሉና ነገሩ የተለያዩበትን ቦታ ለማመልከት ነው።

በመጀመሪያ «ጅማት»ን እንመልከት። ቃሉ ጡንቻን ከዐጥንት ጋር የሚያያይዘውን ጠንካራና ነጭ ማሰሪያ ያመለክታል። ሕዝቡም ይህን በሚገባ ያውቃል፤ ቋንጃው የተቆረጠ እንስሳ መቆም እንደሚሳነው የሚነግረው እረኛ ከጅማቶች አንዱን በስሙ ለይቶታል። ነገር ግን ያው «ጅማት» ዐጥንትን ከዐጥንት ለሚያያይዘው ማሰሪያም፣ ከአንጎልና ከኅብለ ሠረሰር ለሚነሣው ነርቭም ሲነገር እንሰማለን። እጁን ስለት የቈረጠው ሰው «ጅማትህ ተበጥሷል» ቢባል ምን ይረዳል? የተበጠሰው ማሰሪያው እንደ ሆነ ጣቱ አልታጠፍ ይላል እንጂ ሲነኩት ይሰማዋል፤ ነርቩ እንደ ሆነ ግን የመዳሰስ ስሜቱም ሊጠፋ ይችላል። የሁለቱ ሕክምናም ሆነ የማገገሚያ ጊዜ አንድ አይደለም። ስለዚህ «ጅማት» ጡንቻን ከዐጥንት ለሚያያይዘው ብቻ እንዲወሰን፣ «ነርቭ» የተባለው የውሰት ቃል በቦታው እንዲጸና፣ ዐጥንትን ከዐጥንት የሚያያይዘውም «የመገጣጠሚያ ማሰሪያ» እንዲባል እንደግፋለን።

ሁለተኛው ችግር «ክር» ነው። አንድ ጡንቻ ሲከፈት በውስጡ ጥቅሎች ይገኛሉ፤ በጥቅሉ ውስጥ ረጃጅም ሕዋሳት፣ በሕዋሱ ውስጥ ከ1 እስከ 2 ማይክሮሜትር የሚወፍሩ ቀጫጭን ዘንጎች፣ በዘንጎቹም ውስጥ ከፕሮቲን የተሠሩ እጅግ ደቃቅ አካላት አሉ። እነዚህን የተለያዩ ደረጃዎች ሁሉ «ክር» ብሎ መጥራት ቤትን፣ ግድግዳንና ጡብን በአንድ ስም እንደ መጥራት ነው። እኛ ጥቅሉን «ነዶ»፣ ሕዋሱን «ቃጫ»፣ በሕዋሱ ውስጥ ያለውን ዘንግ «ንኡስ ቃጫ» ብለን፣ «ክር»ን ለመጨረሻዎቹ፣ ማለት ከማዮሲን ለተሠራው ወፍራም ክርና በአብዛኛው ከአክቲን ለተሠራው ቀጭን ክር እናስቀራለን። ሁለቱን ክሮች «ድርና ማግ» የማለት ፈተና እንዳለ አይጠፋንም፤ ሆኖም ድርና ማግ ተሻግረው የሚጠላለፉ ሲሆኑ እነዚህ ጎን ለጎን ተዘርግተው አንዱ በሌላው መካከል የሚገቡ ናቸውና ምሳሌው ውብ ቢሆንም ሐሰት ነው። ንኡስ ቃጫውን የሚከፋፍለውን «ሳርኮሜር» በተመለከተም «አንጓ» የሚለው ቃል ይማርካል፤ ነገር ግን «የእጅ አንጓ» አስቀድሞ በአካላችን ላይ ቦታውን ስለ ያዘ የውሰቱን ቃል እንመርጣለን።

ከሁሉ የከፋው ግን «መኮማተር» ነው። ቆዳ በፀሐይ፣ ሰውም በብርድ ይኮማተራል፤ ቃሉ የነገሩ አካል ራሱ መጨማደዱንና ማነሱን ይናገራል። ጡንቻ እንደዚህ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1954 አንድሩ ሃክስሌይና ሮልፍ ኒደርጌርከ በአንድ ወገን፣ ሂዩ ሃክስሌይና ጂን ሀንሰን በሌላ ወገን በአንድ የመጽሔት እትም ባወጧቸው ሁለት ጽሑፎች ያሳዩት ይህንኑ ነው፦ ጡንቻው ሲያጥር የጥቁሩ መስመር ስፋት ሳይለወጥ የነጣው መስመር ይጠባል። ወፍራሙ ክር 1.6 ማይክሮሜትር ያህል ርዝመቱን እንደ ጠበቀ ይቈያል፤ ቀጭኑም አያጥርም፤ ያጠረው ሳርኮሜሩ ነው፤ ይኸውም የሁለት እጅ ጣቶች አንዱ በሌላው መካከል ሲገቡ እጆቹ እንደሚቀራረቡ ነው። «መኮማተር»ን የተማረ ልጅ ግን ክሮቹ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ሲጨማደዱ ይታየዋል።

«መንሸራተት» የሚሉም አሉ። ርዝመት አለመለወጡን በማሳየቱ ይሻላል፤ ዳሩ ግን በጭቃ የሚንሸራተት ሰው የሚጎትተው የለም። በጡንቻ ውስጥ የሚጎትት አለ። ነርቭ መልእክቱን ሲያደርስ ካልሲየም ይለቀቃል፣ ቀጭኑ ክር መያዣ ቦታው ይገለጣል፣ የማዮሲን ራሶችም ይዘው ይስባሉ፤ ኤ.ቲ.ፒ. ሲደርሳቸው ይለቃሉ፣ እንደገናም ወደ ፊት ይይዛሉ። ይህን ሥራ ቋንቋችን በገመድ ጉተታ ያውቀዋል። እጅ ሳያጥር፣ ገመድም ሳያጥር፣ እየያዙና እየለቀቁ መሳብ ነው። ስለዚህ «ጉተታ» የሚለውን ለውይይት እናቀርባለን።

ቃሉ የሚመዘነው በሚፈታው ችግር ነው። በውሃ የተሞላ ባልዲ በታጠፈ ክንድ ያለ እንቅስቃሴ የያዘ ሰው ጡንቻው አላጠረም፤ ግን ይሠራል። ባልዲውን በዝግታ ሲያወርድ ጡንቻው እየረዘመም ይሠራል። «ሳይኮማተር ይኮማተራል» ማለት አይቻልም፤ «ሳያጥር ይጎትታል»፣ «እየረዘመ ይጎትታል» ማለት ግን ይቻላል። ሬሳ የሚደርቀውም ኤ.ቲ.ፒ. ሲያልቅ ራሶቹ ገመዱን መልቀቅ ስለሚሳናቸው ነው።

«ጉተታ» ነቀፌታ እንደማያጣ እናውቃለን፤ ሥራ ሲዘገይ «ተጓተተ» ይባላልና። «ስበት»ም ቢሆን በፊዚክስ ተይዟል። ነገር ግን ዐውዱ የሚለየው ተደራራቢ ትርጉም፣ ነገሩን ገልብጦ ከሚያስተምር ቃል ይቀላል። «መኮማተር»ንም አንጥለው፤ ከቃጠሎ ጠባሳ በኋላ ቆዳና ጅማት ጨርሰው አጥረው ክንድ አልዘረጋ ሲል ስሙ እርሱ ነው። እያንዳንዱ ቃል የራሱን ሥራ ሲይዝ ሐኪሙ ለታማሚው፣ መምህሩም ለተማሪው እውነቱን በአንድ ቃል ለመንገር ይችላል።