የሐረር ጌይ ጋር፦ ግድግዳው የያዘውና ጥበቃው የዘነጋው

በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ የሐረር ከተማ፣ በጁገል፣ ያለ ቤት ለመንገደኛ ፊት አይሰጥም። በጠባቡ መተላለፊያ የሚያልፍ ሰው የሚያየው የድንጋይ አጥርና የእንጨት በር ብቻ ነው፤ ቤቱ ውበቱን ሁሉ ወደ ውስጥ አዙሮታል። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ሐረር ጁገልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶቿንና 102 የአዋች (የቅዱሳን) መካናቷን ጠቅሶ ነበር። ከሁሉ ይበልጥ አስደናቂ የተባለው ግን የመኖሪያ ቤቶቹ የውስጥ አሠራር ነው። ምስክርነቱ ትክክል ነው። ይሁንና ያንን ውስጥ ዓመት ከዓመት ውስጥ አድርጎ የሚያቆየው ሥራ የማን እንደሆነ በጥበቃው ውይይት ውስጥ ጎልቶ አይሰማም።

ጌይ ጋር የሚባለው ባህላዊ ቤት እምብርቱ ግድር ጋር የተሰኘው ዋና ክፍል ነው። እዚያ ነደባ የሚባሉ በአፈርና በድንጋይ የተሠሩ፣ ከፍታቸው የሚለያይ አምስት መደቦች አሉ። አሚር ነደባ የክብር ቦታ ነው፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው በሩን ፊት ለፊት ስለሚያይ የገባም የወጣም ከዓይኑ አያመልጥም። ግድር ነደባ ሰፊው የእንግዳ መቀመጫ ነው። ትት ነደባ፣ ሱትሪ ነደባና ከበሩ ጀርባ ያለው ገብቲ ኤሄር ነደባም የየራሳቸው ተቀማጭ አላቸው። ከዋናው ክፍል ጎን ያለው ኪርተት ደግሞ የሙሽሮች ማረፊያ ሆኖ ያገለግላል። ባጭሩ እንግዳ ገና ከደጃፍ ሳለ ወለሉ ራሱ የት እንደሚቀመጥ ይነግረዋል። ወንበርና ሶፋ የሚደርደርበት ሳሎን ይህን አያውቅም፤ እዚያ ሰው የሚቀመጠው ባዶ ቦታ ባገኘበት ነው።

አስጎብኚዎች የዚህን ቤት ትርጉም በቃል ይዘውታል። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የተሰቀለ ምንጣፍ ለትዳር የደረሰች ልጅ በቤቱ እንዳለች ይናገራል ይላሉ። ወለሉንና መደቦቹን የሚያቀላው አፈር ደግሞ በ1879 ዓ.ም. የሐረሩ አሚር አብዱላሂ ሠራዊት ጨለንቆ ላይ በምኒልክ ጦር በተሸነፈበት ቀን ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይባላል። ይህ ትረካ ለሐረሪዎች ክብደት ያለው ስለሆነ ሊናቅ አይገባም። ሐያሲ ግን ከትረካው አለፍ ብሎ ቀለሙን ራሱን ማየት ይኖርበታል። ቀዩ አፈር አንዴ ተቀብቶ የሚቀር አይደለም። በእግርና በምንጣፍ ይፋቃል፣ ረመዳን ሲቃረብ ተበጥብጦ እንደገና ይቀባል። መታሰቢያ ከሆነ በየዓመቱ በእጅ የሚታደስ መታሰቢያ ነው፤ ካልታደሰ ይደበዝዛል።

ግድግዳውም እንዲሁ ነው። ጣቄት በሚባሉት የግድግዳ ውስጥ መደርደሪያዎች ቁርኣንና መጻሕፍት ከዕቃ ጋር ይቀመጣሉ። ከእነሱ በላይና በመካከላቸው ስፌቶች በረድፍ ተሰቅለዋል። አንዱን ስፌት አውርዶ ከቅርብ ላየው፣ መሐሉ ላይ ካለችው ጠባብ እምብርት ጀምሮ ሣሩ እየተጠቀለለ፣ በወስፌ እየተወጋና በቀጭኑ እየተሰፋ ክብ በክብ ሲሰፋ ይታያል። ንድፉ አስቀድሞ በወረቀት አይሳልም። ሰፊዋ ቀለም የምትቀይርበትን ጥልፍ በልቧ እየቆጠረች ትሄዳለች፤ አንድ ረድፍ ላይ ቁጥሩ ከተሳሳተ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ማዕዘኑ ይጣመማል። የተበላሸውን ለማረም እስከ ስህተቱ ድረስ መፍታት ግድ ነው። ሐማት ሞት የሚባለው ለአማት የሚሰጠው ስፌት የሠርግ ወግ አካል በመሆኑ፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ጌጥ በሁለት ቤተሰቦች መካከል የተደረገ ቃል ኪዳንም ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ ግድግዳው የቤቱ ሴቶች የጻፉት መዝገብ ነው ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ የዚህ መዝገብ ገጾች ሁሉ ጥንታዊ አይደሉም። ከስፌቶቹ ጎን በብዛት የሚታዩት ባለ አበባ የኢናሜል ሳህኖችና ጎድጓዳ ዕቃዎች ፋብሪካ የሠራቸው፣ ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው። ሐረር ከወደቦቹ ጋር የምትነግድ ከተማ ነበረች፤ ንግዱም ሳሎን ገብቶ ግድግዳ ላይ ወጥቷል። አንዳንድ ወዳጆቿ እነዚህን ሳህኖች የባህሉ መበረዝ አድርገው ያያሉ። ፍርዱ የተቻኮለ ይመስላል፤ ምክንያቱም የሐረሪ ሴት የፋብሪካውን ሳህን ስትሰቅል በስፌቱ ሥርዓት፣ በረድፉና በልኩ ነው የሰቀለችው። ባዕዱ ዕቃ የቤቱን ሕግ ተቀብሎ ነው የገባው።

የቅርስ ፍቅር ግን ብዙ ጊዜ ወደ ሌላ ቤት ያዘነብላል። ጎብኚ ሁሉ የሚጠይቀው የራምቦ ቤት፣ ባለ ፎቁና ያጌጠው የእንጨት ሕንፃ፣ ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ በ1884 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው። ቤቱ በራሱ ውብ ነው፤ መጠገኑና ሙዚየም መሆኑም ደግ ነው። የሚያሳዝነው ገጣሚው ያልኖረበት ቤት በስሙ ሲፈለግ፣ ትውልድ የኖረባቸው ጌይ ጋሮች ቆመው የሚያያቸው ማጣታቸው ነው።

ጌይ ጋርን በዝምታ የሚጎዳው ደግሞ ሲሚንቶ ነው። ድንጋዩ በጭቃ የተያያዘ ግድግዳ የጠጣውን እርጥበት በአፈርና በኖራ ልስን በኩል መልሶ ያተነዋል። በላዩ ሲሚንቶ ሲለሰንበት እርጥበቱ መውጫ ያጣና ጭቃውን ከውስጥ ያሟሟዋል፤ ከጥቂት ክረምት በኋላ ልስኑ ይነፋና ይረግፋል። በቀዩ አፈር ፋንታ የሚቀባው የዘይት ቀለምም ያንኑ ጥፋት ያደርሳል። ጠፍጣፋው የአፈር ጣሪያ በቆርቆሮ ሲተካ ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር ጣሪያ መጠቅጠቅ ቀረ፤ ከሥራው ጋር ሙያውም ቀረ። ነዋሪው እነዚህን የሚመርጠው ቤቱን ስለማይወድ አይደለም። ሲሚንቶና የቀለም ቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ይገኛሉ፤ የጭቃ ልስን አዋቂ ግን እየጠፋ ነው።

የባለቤትነቱም ጉዳይ አለ። ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ሐረሪዎች ከተማቸውን ለቀው ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ሄዱ፤ በኋላም እስከ ቶሮንቶ ድረስ ተሰደዱ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ባለቤቱ በሌለበት፣ ተከራይም በትንሽ ኪራይ በሚኖርበት ቤት፣ በየዓመቱ ቀይ አፈር የሚበጠብጥ፣ ጣሪያ የሚጠቀጥቅ ማን ነው? ሰፊው ክፍል በሁለትና በሦስት ቤተሰብ ሲከፈል አሚር ነደባ በመጋረጃ ይቆረጣል፤ መጋረጃውን የጋረደው ተከራይም ማደሪያ እንጂ ጥፋት አልፈለገም።

ስለዚህ የጥበቃው በጀት ሲታሰብ ከግንበኛው ጎን የስፌት አስተማሪዋና የጭቃ ለሳኙ ደመወዝ መታየት አለበት። የሚሰፋው ሣር የሚቆረጥበት ሜዳም እንደ በሮቹና እንደ ግንቡ በጥበቃው ዕቅድ ሊካተት ይገባል፤ ሣሩ ከጠፋ ለቀጣዩ ሠርግ የሚሰቀል ስፌት አይኖርም። ለተከራዩም የኖራና የቀይ አፈር ድጋፍ ቢደረግለት ሲሚንቶ ለመግዛት የሚያወጣውን ገንዘብ ለራሱ ያስቀራል።