«ኤተር» ያሉት ሽቦ፤ የሜትካፍና የቦግስ ጽሑፍ በልደታ ሲነበብ

ሮበርት ሜትካፍና ዴቪድ ቦግስ በጁላይ 1976 እ.ኤ.አ. ስለ ኢተርኔት ያሳተሙት ጽሑፍ፣ ዕድሜው ቢገፋም፣ ኔትወርክ ለሚማር ሰው ዛሬም ሊነበብ የሚገባው ነው። ጸሐፊዎቹ በዜሮክስ የምርምር ማዕከል አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ኬብል ዘርግተው፣ በሰከንድ 3 ሚሊዮን ቢት ገደማ እያሳለፉበት ብዙ ኮምፒውተሮችን እንዴት እንዳነጋገሩ ይተርካሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመሰገነው የሥራው አከፋፈል ነው። ኮንትሮለሩ መቼ ልናገር፣ ተጋጭቼ ከሆነስ ምን ያህል ልቆይ እያለ ያስባል። ትራንሲቨሩ ግን አያስብም፤ ኬብሉ ላይ ተጣብቆ ያዳምጣል፣ የተሰጠውን ያስተላልፋል። ይሁን እንጂ አንድ ብልሃት ተሰጥቶታል፤ ይኸውም የገዛ ማሠራጫው ያለ ልክ መልፈፍ ቢጀምር፣ ሌላውን ሁሉ እንዳያውክ ራሱን ዝም የሚያሰኝ ጠባቂ ሰዓት ነው። ኋላ የኢንቴል ኩባንያ 82586 ኮንትሮለርን፣ ከእርሱም ጋር 82501ንና 82502 ትራንሲቨርን ለየብቻ ሲሠራ ያንኑ ክፍፍል ተከትሏል።

በአንድ መሥመር ብዙ ሰው እንዴት ይጠቀማል ለሚለው ጥያቄ እኛ ምሳሌውን ከደጃችን እናገኛለን። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማችን ቀላል ባቡር ሁለት መሥመሮች ሲኖሩት፣ ሁለቱም ከመስቀል አደባባይ እስከ ልደታ ድረስ በአንድ ሐዲድ ላይ እንዲሄዱ ሆነው ተሠርተዋል። በዚያ ሐዲድ ላይ ባቡር ካልተፈቀደለት አይገባም። በኢተርኔቱ ኬብል ላይ ግን ፈቃጅ የለም፤ ዝምታ የሰማ ሁሉ ይነሣል፣ ሁለት ቢጋጩ ሁለቱም አቁመው በዕጣ የደረሳቸውን ያህል ጠብቀው እንደገና ይሞክራሉ። ሁለት ባቡሮች እንዲህ ቢያደርጉ ማን ይሳፈር ነበር? የቢት ግጭት ግን የሚያጠፋው ጥቂት ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ስለ ሆነ፣ ዳኛ ከመሾም ይልቅ ግጭቱን መታገሥ ይረክሳል። ጽሑፉ ይህን በሚገባ አስረድቷል።

የማልስማማው በስሙና ስሙ ባስከተለው አሳብ ነው። ኤተር የጥንት ፊዚክስ ብርሃን ይጓዝበታል ያለው፣ ሚኬልሰንና ሞርሊ በ1887 እ.ኤ.አ. ፈልገው ያጡት ነገር ነው። ጸሐፊዎቹ ስሙን ሲዋሱ፣ ሽቦው ምንም የማይሠራ ስለ ሆነ አስተማማኝ ነው የሚል ስሜት በአንባቢው ላይ ያሳድራሉ። ሽቦ ግን አካል አለው። ዲጂታል፣ ኢንቴልና ዜሮክስ በ1980 እ.ኤ.አ. ባወጡት መመሪያ 500 ሜትር የሚደርሰው ኬብል በሁለቱም ጫፉ የ50 ኦም ሬዚስተር ያስፈልገዋል። ከሁለቱ አንዷ ብትነቀል ምልክቱ ከጫፍ ተመልሶ መሥመሩን በሙሉ ያውካል። ልባሱም ከመሬት ጋር የሚገናኝ ከሆነ በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ትራንሲቨሩና ኮምፒውተሩም በትራንስፎርመር ተለያይተው ይነጋገራሉ።

ይህን የምጽፈው ከደረሰብን ነገር ተነሥቼ ነው። ባለፈው ክረምት ከጓደኞቼ ጋር፣ ልደታ አካባቢ በሁለት ሕንፃዎች መካከል ኬብል ስንዘረጋ፣ ኮንትሮለሩንና ትራንሲቨሩን በአንድ ላይ የያዘውን ኢ ኤን ሲ 28 ጄ 60 የተባለ ቺፕ ተጠቀምን። ትራንሲቨሩ ቺፑ ውስጥ ገብቷልና ሥራው አልቋል ብለን ትራንስፎርመሩን ትተን በካፓሲተርና በሬዚስተር ተካነው። ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ ሜትር ኬብል፣ ያለ እንከን ሠራ! ሕንፃና ሕንፃ ስናገናኝበት ግን፣ ነጎድጓድ በበዛበት አንድ ሌሊት፣ ሁለቱም ሰሌዳዎች ድምፃቸው ጠፋ። መብረቁ ሕንፃዎቹን አልመታም። እንደ እኔ አስተያየት፣ የየሕንፃው መሬት የቮልቴጅ ልዩነት ሲፈጥር፣ 50 ቮልት ብቻ የሚችሉት ካፓሲተሮቻችን አልቻሉትም፤ ደንቡ የሚጠይቀው ትራንስፎርመር 1500 ቮልት የሚችል ነው። ለቆጠብነው ጥቂት ብር ሁለት ሰሌዳ ከፈልን።

ጥፋቱ የእኛ እንጂ የሜትካፍና የቦግስ አይደለም። ሆኖም ኮንትሮለርን በማወቅ ሽቦን ያወቅን የመሰለን፣ ጽሑፉን ብቻውን ስላነበብነው ነው። መምህራኖቻችን የ1976ቱን ጽሑፍ ሲሰጡ የ1980ውን መመሪያ፣ ቢያንስ ስለ ኬብሉና ስለ ትራንሲቨሩ የሚናገረውን ክፍል፣ አብረው ቢሰጡ መልካም ይመስለኛል። እኛም ትራንስፎርመር ያላቸውን መሰኪያዎች ገዝተን ሁለተኛውን ጥንድ ሰሌዳ እየበየድን ነው።