የታሳሪ ሽንት ምን ይመሰክራል?

ዕፅ ይወስዱ እንደሆነ ሰዎችን ቤት ለቤት እየዞረ የሚጠይቅ ጥናት የሚያገኘው ቤት ያለውንና በሩን የሚከፍተውን ነው። ጎዳና ላይ የሚያድረው፣ በሩን የማይከፍተው፣ ከፍቶም እውነቱን የማይናገረው ሰው ከአኃዙ ውጭ ይቀራል። የዩናይትድ ስቴትስ ብሔራዊ የፍትሕ ኢንስቲትዩት በ1987 ይህን ጉድለት ለማረም የመረጠው መንገድ፣ በቤት ለቤት ጥናት የማይገኙት ሰዎች በብዛት ወደሚታዩበት ሥፍራ፣ ማለትም ወደ ፖሊስ ማረፊያ ቤት መሄድ ነበር። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ስለተወለደው መርሐ ግብር፣ በተለይም ሐኪምን ስለሚመለከተው ወገኑ ሂሳዊ አስተያየት ለማቅረብ ይሞክራል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

መርሐ ግብሩ በመጀመሪያ «የዕፅ አጠቃቀም ትንበያ» ይባል ነበር። በ1997 «በቁጥጥር ሥር የዋሉ ሰዎች የዕፅ አጠቃቀም ክትትል» ተብሎ ተሰየመ። የእንግሊዝኛ ስሙ የመጀመሪያ ፊደላት ሲገጣጠሙ «አዳም» የሚል ቃል ስለሚሰጡ በዚሁ ይታወቃል፤ እኛም እንዲሁ እንጠራዋለን። አሠራሩ የተወሳሰበ አይደለም። ፖሊስ ያልሆነ የሠለጠነ ጠያቂ፣ ከተያዘ 48 ሰዓት ያላለፈውን ሰው ቀርቦ፣ ስሙ እንደማይመዘገብና የሚሰጠው መልስ ከተጠረጠረበት ጉዳይ ጋር እንደማይያያዝ ያስረዳዋል። ሰውየው ከፈቀደ ቃለ መጠይቁ ይካሄዳል፤ በመጨረሻም የሽንት ናሙና እንዲሰጥ ይጠየቃል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ናሙናው ለአሥር ዓይነት ዕፆችና መድኃኒቶች ይመረመር ነበር፤ ኮኬይን፣ ማሪዋና፣ የኦፒየም ዝርያዎች፣ አምፌታሚንና ቤንዞዲያዜፒን ከእነዚህ ውስጥ ይገኛሉ።

የአዳም ትልቁ ብልጫ ቃልን ከሽንት ጋር ማመሳከሩ ነው። «አልወሰድሁም» ካሉት ውስጥ ብዙዎቹ ናሙናቸው ሌላ ተናግሯል። በቃል ላይ ብቻ የተመሠረተ ማንኛውም የዕፅ ጥናት እውነቱን ምን ያህል እንደሚያሳንስ ከዚህ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል። ይሁን እንጂ ሽንትም የራሱ አድልዎ አለው። የኮኬይንና የሄሮይን ምልክት በአብዛኛው ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ይቆያል። አዘውትሮ ማሪዋና በሚያጨስ ሰው ግን ምልክቱ ለሳምንታት ሊታይ ይችላል፤ አልኮል በአንጻሩ በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል። እንግዲህ በአንድ ሠንጠረዥ ጎን ለጎን የሚቀመጡት መቶኛዎች አንዱ የትናንቱን፣ ሌላው ያለፈውን ወር የሚናገሩ ናቸው። በ2013 ጥናቱ በተካሄደባቸው በአምስቱም ሥፍራዎች ከተመረመሩት ወንዶች ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የአንድ ወይም ከዚያ በላይ ዕፅ ምልክት እንደተገኘባቸው የተዘገበው ይህን ሁሉ ደምሮ ነው። ከፍተኛውን ድርሻ የያዘው ማሪዋና መሆኑ ሊያስገርመን አይገባም።

ከዚህ የከበደው ጥያቄ የተመረመሩት እነማን ናቸው የሚለው ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ናሙናው በዕጣ አይወሰድም ነበር። በዕፅ ወንጀል የተያዙት ቁጥር ሆን ተብሎ ይገደብ ነበር፤ አንድ ማረፊያ ቤትም ለከተማው ሁሉ ይቆም ነበር። የኮንግረሱ የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት በ1993 ባወጣው ዘገባ ይህንኑ ነቅፏል። በ2000 አሠራሩ ወደ ዕድል ናሙና ተለወጠ። የሚያስመሰግን እርምጃ ነበር፤ ሆኖም ከዚያ በፊትና በኋላ ያሉት አኃዞች እንዳይነጻጸሩ አደረገ። ናሙናው ምንም ያህል ቢስተካከል ግን አንድ ነገር አይለወጥም፤ ወደ ማረፊያ ቤት የሚገባውን ሰው የሚመርጠው ተመራማሪው ሳይሆን ፖሊስ ነው። አንድ የፖሊስ አዛዥ የአንድ ሰፈር ጎዳና እንዲጸዳ ባዘዘበት ሩብ ዓመት የኮኬይን መቶኛ ከፍ ቢል፣ የተለወጠው የከተማው ሕዝብ ልማድ ላይሆን ይችላል። ይህን ልዩነት የሚያውቁት ተመራማሪዎች ማስጠንቀቂያውን በዘገባቸው ጽፈዋል። መቶኛውን ለንግግራቸው የሚወስዱ ሹማምንት ግን ማስጠንቀቂያውን እዚያው ትተውት ይሄዳሉ።

መቶኛው የወንጀል መንስኤም አይደለም። ከሦስት ሳምንት በፊት ያጨሰ ሰው ዛሬ ቢሰርቅ፣ ሽንቱ ስለ ስርቆቱ የሚናገረው ነገር የለም።

ስለ ላቦራቶሪው ለአገራችን ሐኪሞች የሚጠቅም አንድ ነጥብ ልጨምር። የማጣሪያ ምርመራው ኢሚውኖአሴይ ነው፤ ፈጣንና ርካሽ ቢሆንም ተቀራራቢ ኬሚካሎችን ሊያምታታ ይችላል። አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶች በአምፌታሚን ምርመራ ላይ ሐሰተኛ አወንታዊ ውጤት ስለሚሰጡ፣ የአምፌታሚን ውጤት በጋዝ ክሮማቶግራፊ እንዲረጋገጥ ይደረግ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። የጫት ካቲኖንና ካቲንም ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አቋም ስላላቸው እንደ ምርመራው ዓይነት ሊያሳዩም ላያሳዩም ይችላሉ። ካቲኖን በዩናይትድ ስቴትስ ከ1993 ጀምሮ እጅግ ጥብቅ ቁጥጥር በሚደረግባቸው ዕፆች መደብ ውስጥ ነው፤ ብሪታንያም ጫትን በ2014 ከልክላለች። በእነዚህ አገሮች የሚኖር ወገናችን ቢያዝና ቢመረመር፣ ባልተረጋገጠ የማጣሪያ ውጤት ላይ ተመሥርቶ «አምፌታሚን ወስዷል» ማለት ስሕተት ሊሆን እንደሚችል ሐኪሙ ማወቅ ይኖርበታል።

ወደ ዋናው ነገር ስንመጣ፣ አዳም እንደ ክትትል ሊከበር የሚገባው ናሙናው ስም ስላልነበረው ነው። እንግሊዝም በ1999 በዚሁ አርአያ ስም አልባ ጥናት ጀምራ ነበር። በ2005 የወጣው የዕፆች ሕግ ግን ሌላ መንገድ ነው። በስርቆትና በመሰል ወንጀሎች የተያዘ ሰው ለሄሮይንና ለኮኬይን እንዲመረመር ፖሊስ መጠየቅ ይችላል፤ ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ማለትም ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። የዚህ ደጋፊዎች ሰውየው ወደ ሕክምና እንደሚመራ ይናገራሉ፤ ክርክሩ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ነገር ግን ሁለቱን «የታሳሪዎች ምርመራ» በሚል አንድ ስም መጥራት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮችን ማደባለቅ ነው። ድንበሩ ሲደበዝዝ ምን እንደሚሆን የሳውዝ ካሮላይናዋ ቻርልስተን ከተማ አሳይታለች። በዚያ የሚገኝ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ከ1989 ጀምሮ የነፍሰ ጡሮችን ሽንት ለኮኬይን እየመረመረ ውጤቱን ለፖሊስ ያስተላልፍ ነበር፤ ሴቶችም ታስረዋል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2001 ያለ ፈቃዳቸው የተደረገው ይህ ምርመራ ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ፍተሻ ነው ሲል ወስኗል። ለእናትየዋ የቀረበላት ብልቃጥ የሐኪም ነው ወይስ የፖሊስ? ታካሚ ይህን ለይቶ ማወቅ ካልቻለ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ሆስፒታሉ አይመጣም።

የፈቃዱ ነገርም ቀላል አይደለም። በር የተቆለፈበት ሰው «ከፈለግህ ብቻ» ሲባል በእውነት መምረጡን እንዴት እናውቃለን? የአዳም መልስ የጠያቂውና የፖሊሱ መለያየት ነበር። ከፊሉን ጥያቄ ይመልሳል እላለሁ፤ ሁሉንም ግን አይመልስም።

አዳም ዝም ያለበትን ነገር ግን ሐኪም በዝምታ ሊያልፈው አይችልም። አዘውትሮ ብዙ የሚጠጣ ሰው መጠጡ በድንገት ሲቋረጥበት መንቀጥቀጡ በመጀመሪያው ቀን ይጀምራል፤ ዲሊሪየም ትሬመንስ የሚባለው አደገኛ መቃዠት ብዙውን ጊዜ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ይመጣል። ይህ ጠያቂው ታሳሪውን የሚያነጋግርበት፣ ከዚያም ወደ ክፍሉ የሚመልስበት ጊዜ ማለት ነው። የሄሮይን ሱስ ያለበትም ያለማቋረጥ እያስመለሰውና እያስቀመጠው ፈሳሹ ተሟጦ ሊሞት ይችላል። አደጋው በር ሲከፈትለትም አያበቃም። በዋሽንግተን ግዛት ከእስር ቤት በተፈቱ ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2007 የታተመ ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከመጠን ባለፈ ዕፅ የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሕዝብ 129 እጥፍ እንደነበር አሳይቷል፤ ሰውነታቸው ዕፁን መልመዱን ሲረሳ እነርሱ ግን የቀድሞውን መጠን ይወስዳሉና። ስም አለመመዝገብ ሕክምና ለመንፈግ ምክንያት አይሆንም። ናሙናውን ለጥናቱ ወስዶ፣ የሚንቀጠቀጠውን ሰው ደግሞ ለነርስ ማሳየት ይቻላል፤ ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ መገናኘት የለባቸውም።

የአዳም ፍጻሜም ትምህርት አለው። በ2003 መጨረሻ በበጀት እጦት ተዘጋ፤ በ2007 በአሥር ሥፍራዎች፣ በአዋቂ ወንዶች ላይ ብቻ ተመልሶ ተጀመረ፤ ከ2013 በኋላ ዳግመኛ ቆመ። ሕገ ወጥ ፈንታኒል ሰውን በብዛት መግደል የጀመረው በዚያው ዓመት ገደማ ነው። በ2021 በዩናይትድ ስቴትስ ከመጠን ባለፈ ዕፅ ምክንያት የሞቱት ከ100,000 በላይ ሲሆኑ፣ የሚበዙትን የገደለው ፈንታኒልና መሰሎቹ ነበሩ። አዳም ቢቀጥል ኖሮ ቀድሞ ያስጠነቅቅ ነበር ለማለት ግን አልደፍርም። የተለመደው የኦፒየት ማጣሪያ ፈንታኒልን አያሳይምና፣ የሚመረመሩት ነገሮች ዝርዝር ካልታደሰ ናሙናው «ንጹሕ» ይባል ነበር። አውስትራሊያ ተመሳሳዩን መርሐ ግብር በ1999 ጀምራ ለረጅም ዓመታት ሳታቋርጥ አካሂዳለች። የረጅም ጊዜ ክትትል ዋጋው በዚህ ይታወቃል።

ከ1995 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ በማስረጃነት ሊቀርብበት የሚችል የእምነት ቃል እንዲሰጥም እንዳይገደድ ይደነግጋል። ተመሳሳይ ጥናት በአገራችን እናካሂድ የሚል ሐሳብ ለሥነ ምግባር ኮሚቴ ቢቀርብ፣ እኔ በቅድሚያ የምፈልገው ሦስት መስመሮችን ነው፦ ሽንቱን የሚቀበለው ማን ነው? ውጤቱስ በማን እጅ ይቀመጣል? በዚያች ሌሊት የሚንቀጠቀጥ ታሳሪ ቢገኝ ወደ የትኛው ጤና ተቋም ይወሰዳል?