ከዝርዝሩ ውጭ ያለች ገዳም፦ አሸተን ማርያም እና የጎብኚ ምርጫ

ጃፓንን ያዩ የውጭ አገር ሰዎች «ከሁሉ የወደድነው» እያሉ ደጋግመው ከሚጠሯቸው ቅርሶች አንዱ ኪዮቶ ያለው የፉሺሚ ኢናሪ መቅደስ ነው። ምእመናንና ነጋዴዎች በስጦታ ያቆሟቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ቀያይ በሮች ተደርድረው 233 ሜትር ከፍታ ያለውን የኢናሪን ተራራ ያስወጣሉ። መግቢያ አይከፈልበትም፤ ሌሊትም አይዘጋም። ይህ ሁሉ ሕዝብ የሚጎርፍለት ስፍራ ግን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1994 ከመዘገባቸው 17 የጥንታዊት ኪዮቶ ቅርሶች መካከል የለም። መዝጋቢውና ጎብኚው ሳይገናኙ ቀርተዋል።

ላስታ ላይም የሆነው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የመጀመሪያዎቹ 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘገቡ የላሊበላ 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አብረው ገቡ፤ ጃፓን የዓለም ቅርስ ስምምነትን የተቀበለችው ከዚያ 14 ዓመት ቆይታ ነው። ከከተማው ቀና ሲሉ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ወገብ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ገደሉን ተደግፋ ያለችው አሸተን ማርያም ግን ከ11ዱ ውስጥ አይደለችም። ለዓመታት 50 ዶላር ሲሸጥ የኖረው የከተማው ትኬትም እዚያ አይሠራም፤ ጎብኚው ለብቻው ይከፍላል። ሆኖም ላሊበላ የደረሰ፣ እግሩም ጊዜውም የፈቀደለት፣ በቅሎ ተከራይቶም ቢሆን ይወጣታል።

የጉዞ መጻሕፍት ስለ እርሷ የሚሰጡት ፍርድ ተመሳሳይ ነው፦ ሕንፃዋ እምብዛም፣ መንገዱና ከላይ የሚታየው አገር ግን ድካም የሚያስረሳ። ፍርዱ ግማሽ እውነት አለው። ቅዱስ ላሊበላ ጀምሯት ነአኩቶ ለአብ እንደፈጸማት ትውፊት የሚናገርላት ይህች ቤተ ክርስቲያን ከ11ዱ አንዱ የሆነውን ቤተ ጊዮርጊስን በጠራ ጠርዙና በተስተካከለ ግድግዳው አትፎካከርም። ስህተቱ መለኪያው ላይ ነው። ቤተ ጊዮርጊስን ሰው አስቀድሞ ከአፋፉ ቆሞ ያየዋል፤ የመስቀል ቅርጽ ያለው ጣሪያው ከእግሩ ሥር ተዘርግቶለት፣ ዓይኑ ጠግቦ ሲያበቃ ነው ወደ 12 ሜትር ገደማ ጥልቀት የሚወርደው። አሸተን ማርያም ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እግር ይቀድማል፣ ዓይን ይከተላል። ዳገቱ አልቆ እንኳ ሕንፃው ወዲያው አይገለጥም፤ ከዓለት በተፈለፈለ ጠባብ መተላለፊያ ሾልከው ነው የሚደርሱበት። እንዲህ ከሆነ አቀበቱ የቤተ ክርስቲያኒቱ አካል ነው፤ «መንገዱ ነው እንጂ ሕንፃው አይደለም» የሚለው ሙገሳ ሳያውቅ ገዳሟን የአገር ማያ ሰገነት ያደርጋታል።

በሩ ላይ ሁለት ዓይነት መንገደኞች ይገናኛሉ። ቄሱ በጨርቅ የተጠቀለለውን መስቀል አውጥተው ብርሃን ወዳለበት ደጃፍ ይይዙታል። ጎብኚው ካሜራውን ያነሣል፤ ከጎኑ ያለው ገበሬ ነጠላውን አስተካክሎ ይሳለማል። ለፎቶ እንዲህ ደጋግሞ መውጣት ለመስቀሉ ጉዳት እንዳለው ግልጽ ነው። የከተማው ቤተ መድኃኔ ዓለም መስቀል፣ አፍሮ አይገባ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ተሰርቆ በ2001 ከቤልጅየም ከተመለሰ ወዲህማ መስቀልን በጥንቃቄ መያዝ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም።

ወደ አቀበቱ ስንመለስ፣ መንገድን እንደ ቅርስ መቁጠር ያልተሞከረ ነገር አይደለም። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2004 በኪኢ ተራሮች ያሉትን ቅዱሳት ስፍራዎች ስታስመዘግብ ምእመናን የሚሄዱባቸውን የኩማኖ ጥንታዊ መንገዶች አብራ አስገብታለች። የላሊበላ መዝገብ ግን የተጠረበው ድንጋይ ላይ ቆሟል፤ በገና ሰሞን ከሩቅ አገር በእግሩ የሚመጣው ምእመን የረገጠው ዱካ በመዝገቡ ውስጥ ስፍራ የለውም።

እርግጥ የጃፓን ጭንቀት ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከ36 ሚሊዮን በላይ የውጭ ሰው ገብቶባት፣ የፉጂካዋጉቺኮ ከተማ ከአንድ ሱቅ ጀርባ ፉጂን ለማንሳት የሚጋፋውን ሕዝብ መመለስ ቢያቅታት ተራራውን በጥቁር መጋረጃ ጋርዳ ነበር። ላሊበላ ላይ የጠፋው ጎብኚው ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና፣ በ2021 ጦርነቱ፣ ከዚያም በክልሉ የቀጠለው ግጭት አስጎብኚውንና በቅሎ አከራዩን ሥራ አስፈትቷል።

አሁን መኪናን ወደ ገዳሟ የሚያስጠጋ ጥርጊያ አለ። አቀበቱን የሚወድ ጎብኚ ቅር ይለው ይሆናል፤ እህልና ውኃ በጀርባ ሲያስወጡ ለኖሩት አገልጋዮች ግን እፎይታ ነው። የቅርስ ባለሥልጣን ስለ መንገዱ ሲወስን በቅድሚያ መስማት ያለበት እነሱን ነው፤ የእግረኛውን ዱካ ከመኪናው ለይቶ ማቆየትም ይቻላል፣ ገና አልረፈደምና።