ፋብሪካው የማያውቃት ላዳ

ሞዴል መኪና ከጎማ ይጀመራል። ቦዲውም፣ ወንበሩም፣ መሪውም ጎማውን ተከትለው ይመጣሉ። የተጣመመ ላሜራ ይቃናል፣ ያልሆነ ቀለም ይፋቃል፤ አራቱ ጎማዎች እኩል ካልሆኑ ግን መኪናዋ መደርደሪያ ላይ ቆማም ታነክሳለች። ስለዚህ እኔ ልኬት የምወስነው ካገኘሁት ክብ ነገር ተነስቼ ነው።

መርካቶ፣ ሰባተኛ ላይ ደግሞ ከቆርኪ ይልቅ በቀላሉ የሚገኝ፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ ክብ ነገር የለም። የለስላሳም ሆነ የቢራ ቆርኪ ስፋቱ 32 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዙሪያውን 21 ጥርስ አለው፤ ከየትኛውም ግሮሰሪ በር ላይ ቢለቀም ያው ነው። የድሮዋ ላዳ ባለ 13 ኢንች ቸርኬ ስትሆን፣ ጎማዋ ከመሬት እስከ ላይኛው ጫፉ 59 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህን ለ18 ስናካፍለው 33 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ከቆርኪው የሚበልጠው በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። 1:18 ደግሞ ውጭ አገር ያሉ ሰብሳቢዎች በትልልቆቹ የብረት ሞዴሎች የለመዱት ልኬት ነው። የሰርዲን ቆርቆሮ ላይ አራት ቆርኪ ተክሎ በገመድ ሲጎትት ያደገ የመርካቶ ልጅ፣ ቦዲው ባይመጣጠንለትም፣ ጎማውን በዓለም አቀፍ ልክ ነበር የሚሠራው።

ቆርኪው ለሁሉም መኪና ይሆናል ማለት አይደለም። የአይሱዙ ኤንፒአር ጎማ ከፍታው 80 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ በዚያው ቆርኪ እንሥራው ካልን አይሱዙው 1:25 ይሆንና ከላዳዋ ጎን ሲቆም የልጆች መጫወቻ ይመስላል። ያኔ ሌላ ክብ ፍለጋ ምናለሽ ተራ መውረድ ነው።

ካለ ዕቃ ተነስቶ ልኬት መወሰን ያጣ ሰው ዘዴ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የጃፓኑ ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የፓንተር ታንክ ሞዴል ሲያወጣ 1:35 ያደረገው ቁጥሩን ወዶት አልነበረም። ሞተሩና የባትሪ ድንጋዮቹ ሆዱ ውስጥ መግባት ስለነበረባቸው ነው። ዛሬ አብዛኛው የጦር ተሽከርካሪ ሞዴል የሚሠራው በዚያ ልክ ነው።

ልጆች ቆርኪውን እንዳለ ጎማ ያደርጉታል። እኔ የምወስደው ልኩን ብቻ ነው። ጎማው ራሱ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ሶል ይቆረጣል፤ ጫፉ የተሳለ የብረት ቱቦ ሶሉ ላይ ተደርጎ አንዴ በመዶሻ ሲመታ ክቡ ንጹህ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ በሚስማር ሰክቶ ድሪል ላይ ማሽከርከርና ዳሩን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነው። የጎማው ጥርስ በብረት መጋዝ ምላጭ ይወጣል፤ ግን በጣም ጥልቅ መሆን የለበትም። የአዲስ አበባ ታክሲ ጎማ ጥርሱ ያለቀ ነው።

ላዳ ለዚህ ሥራ የተፈጠረች መኪና ናት። ርዝመቷ 4 ሜትር ከ7 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዷ 1 ሜትር ከ61 ነው። በ1:18 ርዝመቷ 22.6 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዷ ለ9 ሴንቲ ሜትር ጥቂት የቀረው ይሆናል። ጎኗ ጠፍጣፋ ስለሆነ ቆርቆሮ በማጠፍ ብቻ ብዙ መንገድ ይኬዳል። ቮልስና የድሮዋ ሴይቼንቶ ግን ክብ ናቸው፤ የእንጨት ፎርማ ጠርቦ ላሜራውን በላዩ እየቀጠቀጡ ማስተኛት ያስፈልጋል። ሙያዬ ባትላሜራ ስለሆነ መቀጥቀጡ አያስፈራኝም፤ የሚያስፈራኝ ውፍረት ነው።

የእውነተኛው መኪና ላሜራ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ያንሳል። ለ18 ሲካፈል ከአንድ ሚሊ ሜትር ሃያኛው እጅ ቢሆን ነው። እኛ የምንቆርጠው የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ደግሞ 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል አለው። ይህ በትልቁ መኪና ሲታሰብ 3.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የባንክ ብር ማመላለሻ እንጂ የታክሲ በር አይደለም። ብዙ የአማተር ሥራ ልኩ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ አሻንጉሊት የሚመስለው በዚህ ነው። ዓይን ውፍረትን የሚለካው ጠርዝ ላይ ነው፤ መሃሉ ምንም ያህል ቢወፍር ማንም አያይም። ስለዚህ አጽሙን ከቆርቆሮ እሠራለሁ፤ ቆርቆሮ እርሳስ ስለሚቀበል ብየዳው ይጠነክራል። ዓይን የሚያርፍበትን ግን፣ የፓራፋንጎውን ከንፈር፣ የኮፈኑን ዳር፣ የተከፈተ በርን ጠርዝ፣ ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ አሉሚኒየም እቆርጣለሁ። የጣሳው ጎን 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እሱም ወፍራም ነው፤ በውስጥ በኩል በሞረድ እያሳሱ ወደ ጠርዙ ማቅጠን ያስፈልጋል። አሉሚኒየም በተራ እርሳስ አይበየድም፤ በማጣበቂያ ነው የሚያዘው።

ስለ ማጣበቂያ ካነሳን፣ ሱፐር ግሉ መስኮት አጠገብ አይድረስ። ትነቱ ጥርት ባለው ፕላስቲክ ላይ ነጭ ጉም ያለብሳል፤ በጨርቅ አይለቅም። መስኮት መጨረሻ ላይ፣ በአናጢ ኮላ ይጣበቃል። መስታወቱን የማወጣው ከአሮጌ የራጅ ፊልም ነው። ፊልሙ በረኪና ውስጥ ሲዘፈዘፍ ጥቁሩ ሽፋን ይለቅና ጥርት ያለ፣ ትንሽ ሰማያዊ የሚነካካው ፕላስቲክ ይቀራል። ሰማያዊነቱን ብዙ ሰው እንደ ጉድለት ያየዋል፤ እኔ እወደዋለሁ፤ የእውነተኛ መኪና መስታወትም ከጎን ሲታይ ፍጹም ቀለም አልባ አይደለም። ለፊት መብራት ደግሞ የኪኒን ማሸጊያ አለ። የላዳ ክብ መብራት በ1:18 ወደ 10 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ኪኒኑ የተቀመጠበት ጥርት ያለ እብጠት ከነጉብታው ተቆርጦ ይገጠማል።

እስካሁን ያወራሁት ሁሉ ማንም ትዕግሥት ያለው ሰው የሚደርስበት ነው። ሥራው የሚከብደው ከዚህ በኋላ ነው።

ደንበኛ የአባቱን ታክሲ ሥራልኝ ብሎ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ስለ ሞዴሏ ዓመት አይደለም። ምኗ ነበር የተበላሸው? ብዬ ነው የምጠይቀው። አንድ ጡረታ የወጡ የላዳ ሹፌር ይህን ስጠይቃቸው፣ «ምኗ ያልተበላሸው ብትለኝ ይቀለኝ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ግን ቁጭ ብለው ዘረዘሩት። የመስኮት መክፈቻ እጀታ የነበራቸው አንድ ብቻ ነው፤ ዳሽቦርድ ላይ ትቀመጣለች፤ ተሳፋሪ ሲሞቀው «ጋሼ፣ መክፈቻውን ያቀብሉኝ» ይላል፤ ከፍቶ ይመልሳታል። የግራ ኋላ በር የሚከፈተው ከውጭ ነው። የቀኙ ስፖኪዮ ከሌላ መኪና የመጣ ነው። ፓራውልቱ በሽቦ ታስሯል። ኋላዋ ዝቅ ብሏል።

ፋብሪካው ይህችን መኪና አያውቃትም። ሶቪየቶች ከፊያት ጋር እ.ኤ.አ. በ1966 ተዋውለው፣ ፊያት 124ን መነሻ አድርገው፣ ከ1970 ጀምሮ ቶሊያቲ ላይ ያወጧት ላዳ እጅግ ብዙ እህቶች አሏት፤ ከመስመር ስትወጣ አንዷ ከሌላዋ አትለይም። የምትለየው እዚህ ነው። ሰማያዊና ነጩን የቀባት ሰው እጅ፣ ከቧንቧ ተበይዶ የተሠራላት ፖርቶመጋላ፣ የዳሽቦርዱ ጨርቅ ከነዘርፉ፣ ከስፖኪዮው ላይ የተንጠለጠለው መቁጠሪያ ወይም «ማሻአላህ» የሚለው ጽሑፍ፣ የታፔላው ፊደል። እንግሊዛዊው ጄራልድ ዊንግሮቭ፣ ውድ ውድ የድሮ መኪኖችን ከባዶ ብረት እየሠራ በዓለም ስሙ የገነነ ባለሙያ፣ መነሻው ፋብሪካው ያወጣው መኪና ነው። ለሱ ዝርዝር ማለት ፋብሪካው የሠራው ነው፤ ለኔ ከፋብሪካው በኋላ የመጣው ነው። ሥራውን አከብራለሁ፤ ግን የሱን መንገድ ተከትዬ ላዳ ብሠራ የሩሲያ ላዳ ነው የሚወጣው።

ያለቀለት ሞዴል ገዝቶ መለወጥም አለ፤ ከባዶ ከመሥራት ያነሰ ሙያ ነው የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። የፊያት 124 ሞዴል ያገኘ ሰው ላዳ ሊያደርጋት ይችላል። ሩሲያኖች የበሩን እጀታ ወደ ውስጥ አስገብተውታል፣ ስለዚህ ወጣ ያለውን የፊያት እጀታ ሞርዶ ጉድጓድ መቆፈር ነው። መኪናዋንም ለመጥፎ መንገድ ብለው ከመሬት ከፍ አድርገዋታል። እኛ ደግሞ ጭነን ጭነን መልሰን ዝቅ አደረግናት፤ ስለዚህ የአዲስ አበባ ላዳ የሚሠራ ሰው ፊቷን እንደ ሩሲያ ከፍ፣ ኋላዋን እንደ መርካቶ ዝቅ ማድረግ አለበት።

ቮልስ ከሆነ ነገሩ ይቀላል፤ በየልኬቱ በየሱቁ አለ፤ ታሚያም የእ.ኤ.አ. 1966ቷን ቮልስ በ1:24 ያወጣል። በዚያች መኪና ብዙ ጊዜ የምጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱባትን። እሺ ብዬ አንድ ነገር አስታውሳለሁ፤ ቮልስ ባለ ሁለት በር ናት፣ ጃንሆይ ደግሞ የተቀመጡት ኋላ ነው። ስለዚህ ያን ቅጽበት የሚያሳይ ሞዴል በሩ ተከፍቶ፣ የፊት ወንበሩ መደገፊያ ወደ ፊት ታጥፎ መታየት አለበት። ከሳጥን የወጣው ወንበር አይታጠፍም። መደገፊያውን በመጋዝ ለይቶ ከሥሩ የመዳብ ሽቦ ማጠፊያ መትከል የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ሞዴሉ የየትኛዋ ቮልስ እንደሆነ የሚናገረው ግን ከቀለሙ ይልቅ እሱ ነው።

ቀለም ላይ ብዙ አልቆይም። የታክሲውን ሰማያዊ ጋራዥ ካለው ቆርቆሮ ቀድቶ ትንሿ መኪና ላይ መቀባት አይሠራም፤ ትንሽ ነገር ላይ ቀለም ይጠቁራል፣ ነጭ ጠብ ማድረግ ያስፈልጋል። ኮፈኑና ጣሪያው ፀሐይ ስለሚመታቸው ከበሮቹ ይበልጥ ይፈዛሉ። ዝገቱን በቡናማ ቀለም መሥራት አልወድም፤ ምናለሽ ተራ ብረት ከሚሞርዱት ሥር የወደቀውን ብናኝ ለቅሞ፣ በኮምጣጤና በጨው አዝጎ፣ ደቁሶ፣ በቀጭን ኮላ ማስያዝ ይሻላል። እውነተኛ ዝገት ስለሆነ ብርሃን ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል።

ስለ ስሪዲ ማተሚያ ይጠይቁኛል። ቸርኬ፣ የፊት ግሪል፣ አራት አንድ ዓይነት ወንበር፣ እነዚህን ማሽኑ ይሥራቸው፤ ቅር አይለኝም። ተመቶ የተቃና ፓራፋንጎ ግን ቀጥቅጬ ብሠራው ይሻለኛል። የተቃናው በመዶሻ ስለሆነ መዶሻ ያልነካው ፕላስቲክ ላይ ያ ሞገድ አይመጣም፤ ጋራዥ ስሠራ የተማርኩት ሞገድ ነው፣ በስቱኮ የምንሸፍነው፣ አሁን ሆን ብዬ የማወጣው።

ከሁሉም በላይ የሚያጓጓኝ ግን የትኛውም ፋብሪካ በሙሉ ያልሠራቸው ናቸው። ኋላዋ ላይ ሁለት አግዳሚ ተገጥሞላት ሰው ፊት ለፊት የሚቀመጥባት ውይይት አለች። ቅጥቅጥ የሚባለው አውቶቡስም አለ። የቅጥቅጥ ሻንሲና ሞተር ከአይሱዙ ይምጣ እንጂ ቦዲው የአገር ቤት እጅ ነው፤ ንድፍ የለው፣ ካታሎግ የለው። ሞዴሉን በሳጥን የሚያወጣ ኩባንያ የለም፣ ወደፊትም የሚኖር አይመስለኝም። የሠራው ሰው የኔው ዓይነት ባትላሜራ ስለሆነ፣ እሱ በትልቁ የሄደበትን መንገድ በትንሹ መከተል ብቻ ነው፤ አጽም መበየድ፣ ላሜራ ማልበስ፣ መስኮት መክፈት።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ቅጥቅጥ ነው። አውቶቡስ ተራ አካባቢ የቆመ አንድ ቅጥቅጥ መርጬ ሜትር ይዤ ስለካ ሹፌሩ መጣና «ልትገዛው ነው ወይስ ልትከሰው?» አለኝ። አስረዳሁት፤ ስቆ ሜትሩን በሌላ ጫፍ ያዘልኝ። ስንጨርስ የግራና የቀኝ መስኮቶች እኩል እንዳልሆኑ፣ ከኋላ በኩል አንዱ ጎን ከሌላው በአራት ጣት እንደሚበልጥ አየን። በ1:18 ይህ 4 ሚሊ ሜትር ግድም ነው፤ ዓይን ያየዋል። ማስተካከል ቀላል ነበር። አላስተካከልኩም፤ ሁለቱን ጎን ለየብቻ ቆረጥኩ። ገዢው ጠማማ ነው ብሎ እንዳይመልስልኝ የለካንበትን ወረቀት ከነሹፌሩ ፊርማ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጣለሁ።