ፊት እንደ ሽልማትና ቅጣት፦ ፈተናው የሚለካው ምንድን ነው?

ከምርጫ በኋላ የሚታይ ፈገግታ እንደ ሽልማት፣ የቁጣ ፊት እንደ ቅጣት ተቆጥሮ የመማር ችሎታ የሚለካባቸው ፈተናዎች በሥነ አእምሮ ምርምር ተለምደዋል። ከውጤታቸው ተነሥቶ ስለ ዶፓሚን መደምደም ግን ጥድፊያ ነው። ፍራንክና ባልደረቦቻቸው በ2004 እ.ኤ.አ. የፓርኪንሰን ሕሙማን መድኃኒት ሲወስዱ ከሽልማት፣ ሲያቋርጡ ከቅጣት የተሻለ እንደሚማሩ ያሳዩት ያለ ፊት ምስል፣ መልሱ ትክክል ወይም ስሕተት መሆኑን በማሳወቅ ብቻ ነበር። ፊት ግን አስቀድሞ መነበብ አለበት።

ንባቡም ከልማድ ነጻ አይደለም። በላይኛው አርባ ምንጭ፣ በሴቻ፣ በጨዋ ደንብ ያደገ ልጅ አባቱ ሲቆጣው ዓይኑን ወደ መሬት ይሰብራል። የተቆጣ ፊትን ትኩር ብሎ እንዲያይ የሚያስገድደው ፈተና ታዲያ ከቅጣት መማርን ይለካል ወይስ ድፍረትን? ከምዕራቡ ባህል ጋር መተዋወቅ በስሜት ልየታ ላይ ያለውን ተጽዕኖ ዱቺና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያ መርምረው ያሳተሙት በ1982 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጥያቄው አዲስ አይደለም። የታወቀው የኤክማንና የፍሪሰን የ1976 እ.ኤ.አ. ስብስብ ግን የነጮችን ፊት ብቻ የያዘ ነው።

እንዲህ ያለ ፈተና በአርባ ምንጭ ለታካሚ ከመሰጠቱ በፊት ፎቶግራፎቹ ከአካባቢው ሰዎች ይነሡ፤ ታካሚው እያንዳንዱን ስሜት ምን ብሎ እንደሚጠራው በጋሞኛ ይጠየቅ፤ ያው ፈተናም በሳንቲም ይደገም። በሳንቲም የተማረ፣ በፊት ግን ያልተማረ ሰው በካርዱ ላይ የመማር ጉድለት ሊጻፍበት አይገባም።