የባሕር ጉዞ ፍጻሜ በዓል፤ ስለ መርከበኞች ልማድ የተጻፉት ጽሑፎች ሲመረመሩ

ስለ ባሕር ሰዎች ልማድ የተጻፉትን መጻሕፍት የሚመለከት ሰው አንድ ጉድለት በቶሎ ያስተውላል። መርከበኛው በጉዞው መካከል የሚያደርገው በዓል በብዙ ገጽ ተዘርዝሮ ሲገኝ፣ ጉዞው ሲፈጸም የሚያደርገው ግን በጥቂት ዐረፍተ ነገር ታልፏል። የምድርን ወገብ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያልፍ አዲስ መርከበኛ «የባሕር ንጉሥ ነኝ» በሚል ሰው ፊት ቀርቦ የሚላጭበትንና በውሃ የሚነከርበትን ሥርዓት የዴንማርኩ ሊቅ ሄኒንግ ሄኒንግሰን በ1961 ዓ. ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች የተጻፉትም ዓመታት ሁሉ እንደዚሁ ናቸው) ኮፐንሃገን ላይ ባሳተመው መጽሐፍ በስፋት መርምሮታል። ስለ ጉዞው ፍጻሜ የሚነገረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህ ብቻ ነው፦ መርከበኛው ወደቡ ሲደርስ ደመወዙን ተቀብሎ መጠጥ ቤት ይገባል፤ የብዙ ወራት ድካሙንም በጥቂት ቀን ያጠፋዋል። ይህ አባባል ፈጽሞ ሐሰት ነው ለማለት አይቻልም። ሆኖም ስካርን ከበዓል ሳይለይ የሚያልፍ ስለ ሆነ የሕዝቦችን ልማድ ለሚመረምር ጥናት አይበቃም።

ለጉድለቱ ምክንያት የሆነው የማስረጃ ማነስ ብቻ ሳይሆን የአስተሳሰብ መንገድም ነው። አርኖልድ ቫን ዤኔፕ በ1909 በፈረንሳይኛ ባወጣው፣ ስለ መሸጋገሪያ ሥርዓቶች በሚናገረው መጽሐፉ፣ ሰው ከአንድ ኑሮ ወደ ሌላው ሲያልፍ የሚፈጸመው ሥርዓት ሦስት ክፍል እንዳለው አሳየ፤ መጀመሪያ መለየት፣ ቀጥሎ በመካከል መቆየት፣ በመጨረሻም ከኅብረተ ሰቡ ጋር መቀላቀል ነው። ይህ አከፋፈል ለልደት፣ ለጋብቻና ለቀብር እጅግ የጠቀመ ስለ ሆነ ወደ ባሕር ጉዞም በቀላሉ ተሸጋገረ። ከወደብ መነሣት መለየት፣ ውቅያኖሱ መካከለኛው ቦታ፣ መድረስ ደግሞ መቀላቀል ተባለ። እንግዲህ በዚህ መንገድ የሚሄድ ተመራማሪ የመጨረሻውን በዓል በየብስ ላይ ይፈልገዋል፤ በየብስም ላይ ከመጠጥ ቤቱ በቀር ሌላ ስለማያገኝ መርከበኛው የፍጻሜ ሥርዓት የለውም ብሎ ይደመድማል። እዚህ ላይ ሳይመረመር የታለፈ አንድ ግምት አለ። ይኸውም ለሚመለስ ሰው ሁሉ «እንኳን ደኅና ገባህ» ብሎ የሚቀበለው ወገን አለው የሚለው ነው።

ይህን ግምት ለመፈተን ከሪቻርድ ሄንሪ ዴና መጽሐፍ የሚሻል ምስክር በቀላሉ አይገኝም። ዴና በሃርቫርድ ሲማር ዓይኑ ስለ ታመመ በነሐሴ 1834 ከቦስተን ተነሥቶ እንደ ተራ መርከበኛ ወደ ካሊፎርኒያ ሄደ፤ በመስከረም 1836 አለርት በምትባል መርከብ የደቡብ አሜሪካን ጫፍ ዞሮ ተመለሰ፤ ታሪኩንም በ1840 አሳተመ። በመጨረሻው ምዕራፍ የሚታየው ነገር አንባቢን ያስገርማል። ሁለት ዓመት ሙሉ አገሩን ሲናፍቅ የኖረው ወጣት ቦስተንን ባየ ጊዜ ምክንያቱን ራሱ ሊገልጸው ያልቻለ የልብ መቀዝቀዝ እንደ ያዘው ይናገራል። መርከቢቱ ከማረፊያዋ ከታሰረች በኋላም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መርከበኞቹ ሁሉ ተበተኑ፤ ከአንድ ሽማግሌ ዘበኛ በቀርም የቀረ ሰው አልነበረም። በዓል ቢኖር ኖሮ በዚህ ጊዜ በታየ ነበር የሚል ሰው ይኖራል። ዴና ግን መርከቢቱን ወደ ማረፊያዋ ሲስቡ የሰዎቹ የሥራ ዘፈን ከፍ ብሎ እንደ ተሰማ ጽፏል። ደስታው የታየው መርከበኞቹ ገና አብረው ሳሉ፣ እጃቸውም በገመዱ ላይ ሳለ ነው።

በዴና ምስክርነት ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዴና የተማረ፣ የደኅና ቤተ ሰብ ልጅ፣ አባቱም እዚያው ማሳቹሴትስ የሚኖር ሰው ነበረ። ከመርከቢቱ ሲወርድ የሚሄድበት ቤት አለው። ስለዚህ የእርሱን የልብ መቀዝቀዝ የመርከበኞች ሁሉ ስሜት አድርጎ የሚጠቅስ ጸሐፊ ይሳሳታል። ከእርሱ ጋር የወረዱት ብዙዎቹ የሚያርፉት በወደብ ማረፊያ ቤቶች ነበር፤ የእነርሱን ልብ የሚነግረን መጽሐፍ አልጻፉም። የእነርሱን ስሜት ለማወቅ ዘፈናቸውንና የእጃቸውን ሥራ መመርመር ይገባል።

በዚህ በኩል ብዙ የረዳው ስታን ሂዩጊል ነው። በ1929 በተሰበረችው ጋርዝፑል በተባለች የሸራ መርከብ ራሱ ዘፈን አውጪ ሆኖ የሠራው ይህ ሰው በ1961 ባሳተመው የመርከበኞች የሥራ ዘፈኖች ስብስብ ውስጥ «ጆኒ፣ ተዋት» የሚባለው ዘፈን ይገኛል። እንድትተው የተባለችው መርከቢቱ ናት። ይህ ዘፈን በልማድ የሚዘፈነው በጉዞው ፍጻሜ፣ ከመርከቢቱ ሆድ የሰረገውን ውሃ ለመጨረሻ ጊዜ ሲቀዱ ወይም መርከቢቱን ወደ ማረፊያዋ ሲስቡ ነበር። አውጪው ስለ ምግቡ መበላሸት፣ ስለ ሹማምንቱ ጭካኔ፣ ስለ መርከቢቱ ክፋት የመጣለትን ሁሉ ይናገራል፤ ሌሎቹም ይቀበሉታል። አስቀድሞ ቢዘፈን እንደ ዐመፅ በተቈጠረ ነበር። በመጨረሻው ሰዓት ግን አዛዡ እየሰማ እንዳልሰማ ሆኖ ያልፈዋል። እንግዲህ ይህ ግልጽ የሆነ ሥርዓት ነው፤ የተወሰነ ጊዜ፣ የተወሰነ ቃልና የተወሰነ ፈቃድ አለው። ከዚህ ጋር የሚሄደው ሌላው ልማድ መርከበኛው በጉዞው ሁሉ የተኛበትን የገለባ ፍራሽ ወደ ባሕር መጣሉ ነው። ሁለቱም የመቀላቀል ምልክት አይታይባቸውም። መርከበኛው የሚሰናበተው መርከቢቱን፣ ሥራውንና አብሮት የኖረውን ሰው ነው። ስለዚህ በቫን ዤኔፕ አከፋፈል መሠረት ቢመዘኑ የፍጻሜው በዓል ራሱ የመለየት ሥርዓት ሆኖ ይገኛል።

ለምን እንዲህ ሆነ ቢባል፣ መልሱ በየብስ ላይ በሚጠብቀው ኑሮ ይገኛል። በ19ኛው መቶ ዓመት በታላላቅ ወደቦች መርከበኛውን ቀድሞ የሚቀበለው የማረፊያ ቤት ባለቤት ወይም ደላላ ነበር። ይህም ሰው አልጋና መጠጥ በዱቤ ሰጥቶት ገንዘቡ ባለቀ ጊዜ ለሌላ መርከብ ያስቀጥረዋል፤ ከሚመጣው ጉዞ ደመወዝ በቅድሚያ የሚከፈለውንም ለራሱ ይወስዳል። የዚህ ዕዳ ክብደት በባሕር ላይ ሳይቀር በዓል ወልዷል። በቅድሚያ የተበላው የመጀመሪያው ወር ደመወዝ በሥራ ተከፍሎ ሲያልቅ፣ መርከበኞች ከሸራና ከገለባ የሠሩትን ፈረስ በዘፈን ወደ ላይ ሰቅለው ወደ ባሕር ይጥሉት ነበር፤ ይህንም «የሞተው ፈረስ» ይሉታል። የአሜሪካ ሕግ በ1884 የቅድሚያ ክፍያን ቢከለክልም ልማዱ በቶሎ ስላልጠፋ በ1915 ሌላ ሰፊ የመርከበኞች ሕግ ማውጣት አስፈለገ። ይህን የሚያውቅ አንባቢ የመጠጥ ቤቱን ፈንጠዝያ የመርከበኛው በዓል ነው ለማለት ይቸገራል። መስተንግዶው በገንዘብ የተገዛ ነው፤ ሻጩም የሚቀጥለውን ጉዞውን አብሮ ይገዛዋል።

የመርከቡ ማኅበር ወደብ እንደ ደረሰ በማይበተንበት በባሕር ኃይልስ እንዴት ነው ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል። በአሜሪካ ባሕር ኃይል ከ270 ቀን በላይ ከአገሩ ርቆ የቈየ መርከብ ሲመለስ ረጅምና ቀጭን የመመለሻ ሰንደቅ ይሰቅላል፤ ርዝመቱም በውጭ አገር ለዘጠኝ ወር አብረው ለቈዩት ሰዎች ለእያንዳንዱ አንድ ጫማ ተብሎ ይለካል፤ ከመርከቡ ርዝመት ግን አይበልጥም። መርከቡ ከደረሰ በኋላ ከዋክብት ያሉበት ሰማያዊው ክፍል ለአዛዡ ይሰጥና የቀረው ተቈራርጦ ለሹማምንቱና ለመርከበኞቹ እኩል ይከፈላል። ሰንደቁን ከሩቅ የሚያየው የወደብ ሕዝብ የመምጣት ምልክት ያደርገዋል። ለመርከበኞቹ ግን የጋራ የነበረውን ነገር ቈርሰው ድርሻ ድርሻቸውን ይዘው የሚለያዩበት ነው። በዚህም በንግድ መርከቡ የታየው ነገር ይጸናል።

ከሁሉ ይልቅ ሁለቱን በዓላት ለይቶ የሚያሳየው የጥንድ ታንኳዪቱ የሆኩሌአ ታሪክ ነው። ይህች ታንኳ የተሠራችው የፖሊኔዥያ ሕዝብ አባቶች ሩቅ ደሴቶችን ያገኙት በአጋጣሚ በነፋስ ተገፍተው ነው የሚለውን፣ አንድሩ ሻርፕ በ1956 ያጸናውን ሐሳብ በሥራ ለመፈተን ነበር። ከሳታዋል ደሴት የመጣው ማኡ ፒያይሉግ ያለ መሣሪያ በከዋክብትና በማዕበል እየመራት ከሃዋይ ግንቦት 1 ቀን 1976 ተነሥታ ሰኔ 4 ቀን ታሂቲ፣ ፓፔቴ ደረሰች። ከ17,000 በላይ ሕዝብ ወጥቶ ተቀበላት፤ ብዙ ሕፃናት በአንድ ጊዜ ስለ ወጡባትም የኋላዋ ክፍል በውሃ ተዋጠ። ከዚህ የበለጠ የመቀላቀል በዓል ሊታሰብ አይችልም። ይሁን እንጂ ከጉዞው መሪዎች አንዱ የነበረው ቤን ፊኒ በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ በታንኳዪቱ ላይ በሰዎቹ መካከል ጠብ ተነሥቶ እንደ ነበር ገልጿል። ማኡም የመልሱን ጉዞ ሳይመራ ወደ ደሴቱ ሄደ። የታሂቲ ሕዝብ ያከበረው የአባቶቹ ክብር መመለስን ነው፤ ደስታውም እውነተኛ ነበር። ታንኳዪቱን ያመጡት ሰዎች ግን በዚያው ሰዓት በየፊናቸው ይለያዩ ነበር። የሕዝቡን እልልታ ብቻ የመዘገበ ተመራማሪ ከሁለቱ አንዱን ታሪክ አስቀርቷል ማለት ነው።

ይህ ማለት የቫን ዤኔፕ ትምህርት ይጣል ማለት አይደለም። መርከበኞቹና የወደቡ ሕዝብ አንድ ወገን በሆኑበት ቦታ፣ ለምሳሌ ዓሣ አጥማጆች በየመንደራቸው በሚመለሱበት፣ ሦስተኛው ክፍል በሚገባ ሊታይ ይችላል። የሚነቀፈው፣ ማን ከማን እንደሚለይና ማን ማንን እንደሚቀበል ሳይጠየቅ ሥርዓቱን አስቀድሞ በሦስት መክፈሉ ነው።

ጥያቄው ያለፈ ዘመን ጥያቄ ብቻ አይደለም። ዛሬ የዕቃ መርከብ በወደብ የሚቈየው ብዙ ጊዜ በሰዓታት የሚቈጠር ሲሆን፣ የመርከበኛው አገልግሎት የሚያልቀው ውቅያኖሱን በማቋረጥ ሳይሆን በውሉ ቀን ነው፤ ወደ አገሩም የሚመለሰው በአውሮፕላን ነው። በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ 400,000 የሚደርሱ መርከበኞች ውላቸው ካለቀ በኋላ እንኳ ከመርከብ ሊወርዱ ባልቻሉ ጊዜ፣ መርከቦቹ ከወደብ ወደብ መድረሳቸውን አላቋረጡም ነበር። መድረስና መፈጸም የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ከዚህ በላይ ሊገለጽ አይችልም። ባሕር በሌላት ኢትዮጵያም ባሕር ዳር ላይ ሠልጥነው በውጭ አገር መርከቦች የተቀጠሩ ወጣቶች አሉ። እነዚህ ሰዎች ከመርከብ በሚወርዱበት የመጨረሻ ቀን ምን እንደሚያደርጉ፣ ምን እንደሚጥሉና ምን ይዘው እንደሚመጡ ቀርቦ ቢጠየቅ፣ የቀድሞዎቹ ጸሐፊዎች ያስቀሩት ክፍል ከባለቤቶቹ አፍ ሊመዘገብ ይችላል።